ዘይቱ የጨመረ ሞተር

የሞተር ዘይት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ጥቂቱ ይቃጠላል፣ ጥቂቱ በጎሚኒ በኩል ያልባል፤ ባለቤቱም በየጊዜው እየሞላ ይነዳል። ስለዚህ አንድ የሐምሌ ጠዋት፣ ሸጎሌ ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ መካኒኩ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት አልፎ ሲያገኘው ዘንጉን የወሰደው ወደ አፍንጫው ነው። አሽትቶ አጠገቡ ለቆመው ወጣት አቀበለው።

«ምን ይሸታል?»

«ቤንዚን፣ ጋሼ።»

«ዘይት መቼ ጨመራችሁ?»

«ኧረ አልጨመርንም።»

«ታዲያ ማን ጨመረው?»

ማሽኑ ተቀምጠው የሚነዱት የሳር ማጨጃ ነው። መሪና ወንበር አለው፤ ሆዱ ሥር ቢላዎች ይሽከረከራሉ። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለውን የሚይዙት ሰፊ መስክ ያላቸው ናቸው፤ ኤምባሲዎች፣ የጎልፍ ሜዳው፣ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች። የቀረው ከተማ ሳሩን የሚያስተካክለው በማጭድ፣ አለዚያም ትከሻ ላይ በሚንጠለጠለው ጯሂ ማሽን ነው። ይህኛው ከአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣው «አልነሳ አለ» ተብሎ ነበር። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው አንዴ «ጧ» ይልና ቀጥ ይላል። በመሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ የተጠረጠረው ባትሪው ነው፤ ቻርጅ ተደረገ፣ ቆይቶም በአዲስ ተቀየረ። ባትሪው ግን ምንም አላጠፋም። ሞተሪኖውን አንቆ የያዘው ሲሊንደሩ ውስጥ የተኛው ቤንዚን ነው። ፒስቶን አየርን ያምቃል፤ ፈሳሽ ግን አይታመቅለትም። ትርፍ ባትሪ አስደግፈው በጉልበት ሊያስነሱት ቢታገሉ ኖሮ ቢዬላው ሊጎብጥ ይችል ነበር፤ ያኔ የጥቂት መቶ ብር ሥራ የሞተር ግዢ ይሆናል።

ሸጎሌ ስሙን ያገኘው እዚህ መኖሪያ ከነበራቸው ከቤኒሻንጉሉ ገዥ ከሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ ሰው ሸጎሌን የሚያውቀው በከብት ገበያውና በከተማ አውቶቡሶች ዴፖው ነው። ወደ ላይ ሲወጡ 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አለ። በመንገዱ ዳር በቆርቆሮ ከተከለሉት ጋራዦች አብዛኞቹ የሚሠሩት ናፍጣ መኪና ነው። ይህኛው ግን የተለየ ደንበኛ አለው። ጄኔሬተር፣ የውኃ ፓምፕ፣ ሞተር ሳይክል፣ አልፎ አልፎም ያረጀ ላዳ ይመጣለታል፤ ባጭሩ ካርቡሬተር ያለው ሁሉ። ግድግዳው ላይ በሽቦ የተንጠለጠሉት አሮጌ ካርቡሬተሮች ለጌጥ አይደሉም። የመለዋወጫ መጋዘኑ እነሱ ናቸው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት መካኒኩ ዞር ብሎ ከአጥሩ ሥር ጀበና የጣደችውን ሴት ጠራ። «እናትዬ፣ ከሰሏን ለአንድ ሰዓት ያህል ወዲያ ብታደርጊልኝ?» ሴትየዋ ያለ ክርክር ምድጃዋን አንሥታ ወደ መንገዱ ማዶ ተሻገረች፤ ነገሩን ለምደውታል ማለት ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ይከብዳል። ወደ ላይ አይበንም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ሄዶ ከሰሉን ያገኘዋል። ካርቡሬተር ሲከፈት ደግሞ ጥቂት ቤንዚን መፍሰሱ አይቀርም።

ቀጥሎ ካንዴላውን ፈታ። ጫፉ ጥቁር ጥላሸት ለብሷል፤ እርጥብም ነው። የካንዴላውን ሽቦ ብልጭታ እንዳይሰጥ ከሞተሩ አካል ጋር አስነክቶ አሰረው። በካንዴላው ቀዳዳ ላይ ጨርቅ አድርጎ ሞተሩን በእጁ ሲያዞረው ጨርቁ ራሰ። የማሽኑ ኦፐሬተር የሆነው ያ ወጣት ይህን ሲያይ ነው ባትሪው ያለ ጥፋቱ እንደተቀየረ የገባው።

አሁን ያ ቤንዚን እዚያ እንዴት ደረሰ የሚለው ጥያቄ አለ።

ካርቡሬተር ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ቤንዚንን ከአየር ጋር መቀላቀል ነው፤ ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ሁለተኛው ሥራው ብዙም አይወራለትም፤ ከታንኩ በሚመጣውና ሞተሩ በሚጠጣው ቤንዚን መካከል ቆሞ ደረጃን መጠበቅ። ከካርቡሬተሩ ሥር ትንሽ ሳህን አለች። ሳህኗ ውስጥ አንድ ተንሳፋፊ፣ ከተንሳፋፊው ጋር የተያያዘች አንዲት መርፌ፣ ለመርፌዋም የነሐስ መቀመጫ አለ። ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ይልና መርፌዋን መቀመጫዋ ላይ ይጭናታል፤ መግቢያው ይዘጋል። ሞተሩ ሲጠጣ ደረጃው ዝቅ ይላል፣ መርፌዋም ትከፍታለች። ጣሪያ ላይ ያለ የሮቶ ውኃ ሞልቶ እንዳይፈስ የሚያደርገው ተንሳፋፊ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ የሚለየው ልኩ ብቻ ነው። ሮቶው ላይ ውኃው አንድ ጣት ቢያልፍ ማንም አያስተውለውም። ካርቡሬተር ውስጥ ግን አንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት ሞተሩን ይረብሸዋል። ጀርመናዊው ቪልሄልም ማይባህ ተንሳፋፊ ያለውንና ቤንዚንን በቀጭን አፍ የሚረጨውን ካርቡሬተር እ.ኤ.አ. በ1893 ገደማ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተጨማምሮበታል፤ ተንሳፋፊውና መርፌው ግን እስከ ዛሬ አሉ።

መርፌዋ ካልዘጋች ቤንዚኑ ደረጃውን አልፎ ሁለት መንገድ ያገኛል። ወይ በአየር ማጣሪያው በኩል ወደ ውጭ ይንጠባጠባል፤ ይህ መልካሙ ዕድል ነው፣ ቢያንስ ባለቤቱ ያየዋል፣ ይሸተዋል። ወይ በአየር መግቢያው በኩል ወደ ሲሊንደሩ ይገባና በፒስቶኑ ፋሻዎች መካከል ወርዶ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የዚህ ማሽን ታንክ ወንበሩ ሥር፣ ከካርቡሬተሩ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ስለሆነ ቤንዚኑ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶም ይወርዳል። ግፊቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጊዜ ግን አለው። በሰከንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ቢያልፍ በአሥር ሰዓት ውስጥ ከአንድ ሊትር በላይ ይጠራቀማል። የእንዲህ ዓይነት ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ሙሉ ዘይት ደግሞ 1.4 ሊትር ገደማ ነው። ማታ ያቆሙት ማሽን ጠዋት ግማሽ ዘይት ግማሽ ቤንዚን ይዞ ይጠብቃል ማለት ነው። ቤንዚን የገባበት ዘይት ይቀጥናል፣ ማለስለስ ያቆማል። በዚያ ዘይት ሞተሩን አስነሥቶ አንድ መስክ ማጨድ ኩሽኔታና ቢዬላ መብላት ነው።

ኦፐሬተሩ አንድ ነገር ሊከራከር ሞከረ። ካርቡሬተሩ ሥር ሽቦ የገባላት ትንሽ የኤሌክትሪክ መዝጊያ አለች፤ ቁልፉ ሲጠፋ «ቀጭ» የምትለው። «ቤንዚኑን እሷ ትዘጋው የለ እንዴ?» አለ። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። እሷ የምትዘጋው ከሳህኗ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ዋናውን ቀዳዳ ነው፤ ሥራዋም ሞተሩ ሲጠፋ ማርሚታው ውስጥ የሚፈነዳውን ጩኸት ማስቀረት ነው። ከታንክ ወደ ሳህኗ የሚመጣውን አታውቀውም። ሳህኗ ከሞላችና ከፈሰሰች የእሷ መዝጋት ዋጋ የለውም።

ሳህኗ ስትፈታ ሥሯ ላይ ሻይ የመሰለ ዝቃጭ ተኝቷል። ጥቂት የዝገት ፍቅፋቂም አለ። መካኒኩ ምንም አልተደነቀም። «ይሄ የበጋው ነው» አለ።

እዚህ ላይ የአገራችን የአየር ጠባይ ይገባል። የሳር ማጨጃ መመሪያ መጽሐፎች የሚጻፉት ክረምቱ በረዶ ለሆነበት አገር ነው፤ ማሽኑን ለጥቂት ወራት ስታስቀምጡ ቤንዚኑን አውጡ ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ ሳሩ የሚበረታው ከሰኔ እስከ ጥቅምት ነው። ከኅዳር ወዲያ ውኃ የማይጠጣ መስክ ይቆማል፣ ይነጣል፤ ማሽኑም መጋዘን ይገባል። እስከ ግንቦት ማንም አይነካውም። ስድስትና ሰባት ወር ሳህን ውስጥ የተኛ ቤንዚን ቀላሉ ክፍል በኖ ያልቅና የሚቀረው እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ነገር ነው። መርፌዋ መቀመጫዋ ላይ ትጣበቃለች፣ ወይም የሙጫው ቅንጣት ከሥሯ ገብቶ ትንሽ ከፈት ያደርጋታል። የመጀመሪያው ሲሆን ቤንዚን አይመጣም፤ ሁለተኛው ሲሆን አይቆምም። ሰኔ ሲገባ ጋራዡ የሚሞላው በሁለቱ ነው።

ጀሪካኑም የራሱ ድርሻ አለው። ማጨጃው ማደያ ድረስ ነድቶ አይሄድም። ማደያዎች ደግሞ በጀሪካን ለመቅዳት የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ደብዳቤውን ለማውጣት ጊዜ ስለሚወስድ መሥሪያ ቤቱ አንዴ ሲያገኝ ብዙ ይቀዳል፤ ቤንዚኑም መጋዘን ውስጥ ያረጃል። የብረት በርሜል ከሆነ ዝገት፣ የዘይት ጀሪካን ከሆነ የዘይት ቅሪት ይዞ ይመጣል። ማጣሪያ ሳያደርጉ በማንቆርቆሪያ ይሞላሉ። የደብዳቤው ቁጥጥር የተፈለገው ለሌላ ምክንያት ነው፤ ግን ካርቡሬተር ላይ የሚያደርሰውን ማንም አስቦበት አይመስለኝም።

አንዳንዱ ሰው ጥፋቱን ሁሉ ኤታኖል ላይ ይጥላል። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት የተገኘ ኤታኖል በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ ለአዲስ አበባ ቤንዚን እንዲቀላቀል ተደርጎ ነበር። ሥራው የተጀመረውም ከዚሁ ከሸጎሌ በስተጀርባ፣ እንጦጦን ተሻግሮ፣ ሱሉልታ ባለው ዴፖ ነው። ኤታኖል ውኃ ይስባል፣ አሮጌ ጎሚኒ ያሳብጣል፣ ታንክ ሥር የደረቀውን ቆሻሻም ፈትቶ ወደ ካርቡሬተር ይልካል፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ንጹሕ ቤንዚንም ሰባት ወር ከተረሳ ሙጫ ይሆናል። ጥፋቱን ከቤንዚኑ ይልቅ ከመርሳቱ ላይ ብናደርገው ይሻላል።

መካኒኩ መርፌዋን አወጣት። ከክብሪት እንጨት ብዙም አትረዝምም። ጫፏ ላይ ቤንዚን የማይበላው ጥቁር ጎማ አለ፤ ጥፍሩን በጎማው ላይ አስኬደ። ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ ጉድጓድ ተበልቷል። «እቺን ማጽዳት ዋጋ የለውም» አለ። «ዛሬ ትዘጋለች፣ ሳምንት ታፈሳለች።» መርፌዋ እንዲያው አልተበላችም፤ ሞተሩ በሠራ ቁጥር ሳርና ጉብታ ላይ ስትንቀጠቀጥ መቀመጫው ላይ ስትመታ ኖራለች። መቀመጫውን በክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠምጥሞ አሸው፤ ነሐሱ ለስላሳ ነው፣ አልተቧጨረም። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ በብዙዎቹ አዳዲስ ካርቡሬተሮች መቀመጫው ከአካሉ ጋር የተሠራ ስለሆነ ከተበላ አይቀየርም።

የጋራዡ ረዳት፣ ሌላ ወጣት፣ ከመሣሪያው ሳጥን የብረት ሽቦ አንሥቶ ቀዳዳዎቹን ሊወጋ ሲል መካኒኩ ቆጣ አለው። «ተው አንተ ልጅ! በብረት አይደለም።» የካርቡሬተር ቀዳዳ በሚሊ ሜትር መቶኛ የተለካ ነው፤ ብረት ከቧጨረው ሰፍቶ ይቀራል፣ ሞተሩም ዕድሜውን ሙሉ ቤንዚን ሲበላ ይኖራል። ከኤሌክትሪክ ገመድ የተመዘዘ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር፣ ንጹሕ ቤንዚንና የኮምፕሬሰር አየር በቂ ነው።

መርፌዋን ፍለጋ ረዳቱ ወደ መርካቶ ሶማሌ ተራ ተላከ። እዚያ የማይገኝ መለዋወጫ የለም ይባላል፤ የማጨጃ መርፌ ግን በስሙ ቢጠይቁ ማንም አያውቀውም። የሚጠየቀው በልኩ ነው። ቁመቷ፣ የጎማዋ ውፍረት፣ ከተንሳፋፊው ጋር የምትያያዝበት ሽቦ። ለጄኔሬተርና ለሞተር ሳይክል ከሚመጡት መካከል አንዷ ትገጥማለች። ሙሉ ካርቡሬተርም በርካሽ ይገኛል፤ ብዙ ጋራዥ ሳህኗን ሳይከፍት «አዲስ ግጠም» የሚለው ለዚህ ነው። እኔ ይህን አልወድም። አዲሱ ካርቡሬተር የሚገጠመው ያው ዝገት ካለበት ታንክ ሥር፣ ያለ ማጣሪያ፣ ያው ጀሪካን እየተሞላለት ከሆነ በሚቀጥለው ሰኔ ተመልሶ ይመጣል።

ረዳቱ እስኪመለስ ወሬው ወደ ላዳ ዞረ፤ መካኒኩ እጁን ያፍታታው በላዳ ነው። ሰማያዊና ነጭ ቀለም ያላቸው ላዳ ታክሲዎች የአዲስ አበባ መንገድ ዋና ጌጥ በነበሩበት ዘመን የከተማው መካኒክ ግማሽ ዕውቀቱ ካርቡሬተር ነበር። ላዳ እ.ኤ.አ. በ1970 ከጣሊያኑ ፊያት 124 ተወልዳ ቶሊያቲ ከተማ መመረት የጀመረች ሶቪየታዊት ናት፤ ካርቡሬተሯም ኤዶዋርዶ ዌበር ቦሎኛ ላይ ካቋቋመው ፋብሪካ ንድፍ የተወሰደ ነው። እኒያ መካኒኮች ተንሳፋፊ የሚለኩት መጽሐፍ አይተው አልነበረም። የካርቡሬተሩን ክዳን አቁመው ይይዙና ተንሳፋፊው መርፌዋን ሳይጫናት ነካ ባደረጋት ጊዜ ከጓርኒሲዮኑ ያለውን ርቀት ያያሉ፤ 6.5 ሚሊ ሜትር። ከዚያ እስከ መጨረሻው ሲከፈት የሚሄድበት 8 ሚሊ ሜትር። ልክ ያለው የመሰርሰሪያ ጫፍ በመካከሉ ያሳልፋሉ፤ ካለፈ አለፈ።

የነሐስ ተንሳፋፊ የነበረባቸው አሮጌ ካርቡሬተሮች ሌላ ጣጣ ነበራቸው። ተንሳፋፊው ይበሳና ቤንዚን ይጠጣል፤ ይከብዳል፣ አይነሳም፣ መርፌዋም አትዘጋም። ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲነክሩት ከቀዳዳው አረፋ ይወጣል። ቤንዚኑን አትንነው በቆርቆሮ ይበይዱታል። እዚህ ላይ ነው ጀማሪው የሚሳሳተው። ብየዳው ራሱ ክብደት አለው። የተበየደ ተንሳፋፊ ጠልቆ ስለሚንሳፈፍ ደረጃው ከቀድሞው ከፍ ይላል፤ ቀዳዳው ተደፍኖም ካርቡሬተሩ ማፍሰሱን ይቀጥላል። ልኩን ዝቅ አድርጎ መግጠም ያስፈልጋል። የመካኒኩ ንግግር ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ወደ አንድ ነገር ይደርስ ነበር፤ የሚያፈስ ካርቡሬተር ሲመጣለት ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ቅልቅል ማስተካከያዋ ብሎን ነው። ብሎኗ ግን ደረጃው ልክ ነው ብላ ነው የምትሠራው። ደረጃው ካልተስተካከለ ብሎኗን ማዞር ሌላ ጥፋት መጨመር ነው።

ደግነቱ የዛሬ ማጨጃ ያቺ ብሎን የለችውም፣ ብትኖርም ታሽጋ ነው የምትመጣው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በትንንሽ ሞተሮች ጭስ ላይ ሕግ ካወጣች ወዲህ አምራቾቹ ቅልቅሉን ፋብሪካ ላይ ቆልፈው ይልኩታል። ቆልፈው የሚልኩት ግን ለባሕር ጠለል ነው።

ሸጎሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ያልፋል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተር ግን ቤንዚኑን አየሩ በሳሳው ልክ አይቀንስም። ስሌቱ ሲሠራ ለባሕር ጠለል የተለካ ካርቡሬተር አዲስ አበባ ላይ ከሚገባው 12 በመቶ ያህል አብዝቶ ቤንዚን ይሰጣል። ጉልበቱም ይወድቃል፤ አምራቾች በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ይቀንሳል ይላሉ። 17 የፈረስ ጉልበት ተጽፎበት የመጣ ሞተር እዚህ የሚሰጠው 12 ገደማ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከመጀመሪያዎቹ መኪኖች አንዷን ለአጼ ምኒልክ ይዞ ሲመጣ ሲድሊ መኪናዋ ከባሕር ዳርቻ እስከ እንጦጦ ግርጌ የወጣችው ይህንኑ ሕግ ተሸክማ ነው።

ይህ ከፍታ መካኒኮችን ያሳስታል። እዚህ አገር ትንሽ ጥቁር ጭስ፣ ትንሽ የጠቆረ ካንዴላ የተለመደ ነው፤ «የከፍታው ነው» ይባልና ይታለፋል። ስለዚህ መርፌዋ ማፍሰስ ስትጀምር ምልክቱ ከተለመደው ጋር ይመሳሰላል። ከፍታው ግን ሞተር ሲሠራ እንጂ ሲጠፋ ቤንዚን አያፈስም። ጠዋት ላይ የቤንዚን ሽታ፣ ከፍ ያለ ዘይት፣ የራሰ የአየር ማጣሪያ ካለ ጥፋቱ የከፍታው አይደለም፤ የመርፌዋ ነው። አንድ ብልሃት አለ። ሞተሩን አጥፍቶ፣ የአየር ማጣሪያውን አውልቆ፣ ካርቡሬተሩን አፉ ላይ በባትሪ መብራት ማየት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እዚያ ውስጥ እርጥበት ካለ ማስረጃው ተገኝቷል።

ሌላም አታላይ አለ፤ የታንኩ ክዳን። ክዳኑ ላይ አየር የሚተነፍስባት ቀዳዳ በሳር ብናኝ ከተደፈነች ፀሐይ ሲመታው ታንኩ ውስጥ ግፊት ይፈጠራል፤ ደህናዋን መርፌ እንኳ ሊገፋት ይችላል። መካኒኩ ክዳኑን በአፉ ነፍቶ ፈተሸው። ይተነፍሳል።

ረዳቱ ሦስት መርፌ ይዞ መጣ። ሁለቱ አልገጠሙም። ሦስተኛዋ ገጠመች፤ የሽቦዋ መንጠቆ ትንሽ ጠበብ ስላለ በፒንሳ ተስተካከለ። ከዚያ ዋናው ፈተና። ካርቡሬተሩ ሳህኗ ሳትገጠም ተገለበጠ፤ ተንሳፋፊው በራሱ ክብደት መርፌዋ ላይ ተኛ። መካኒኩ በንጹሕ ቱቦ በመግቢያው በኩል በአፉ ነፋ። አየር አላለፈም። ተንሳፋፊውን በጣቱ ከፍ ሲያደርገው አለፈ፤ ሲለቀው ተዘጋ። ረዳቱ በኮምፕሬሰር እንሞክረው ሲል ሳቀበት። ኮምፕሬሰር የትኛዋንም መርፌ ይገፋል፤ የታንክ ቤንዚን ግን ከትንፋሽ የበለጠ ጉልበት የለውም።

ዘይቱ ወጣ። ከሞተሩ የፈሰሰው እንደ ውኃ የቀጠነ ነበር። ማጣሪያው ተቀየረ፣ አዲስ ዘይት ተሞላ፣ ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ዘይቱ እንደገና ወጥቶ ሌላ ተሞላ። ኦፐሬተሩ በሁለተኛው ዘይት ላይ ፊቱን አጨማደደ፤ ሁለቱንም ደረሰኝ ማስገባት ያለበት እሱ ነው። መካኒኩ ግን አልተበገረም። የመጀመሪያው ዘይት ሥራው ማጠብ ነው፤ ጥጋጥጉ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን ይዞ መውጣት አለበት።

በቱቦው ላይ አዲስ የቤንዚን ማጣሪያና ከታንኩ ሥር በእጅ የሚዘጋ ትንሽ ቧንቧ ተጨመረ። ይህች ቧንቧ ፋብሪካው ሊያስገባት ይገባ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ብዙ ማሽን ሳይኖራት ይመጣል። ማታ ማታ እሷ ከተዘጋች መርፌዋ ብታረጅ እንኳ ቤንዚኑ ዘይት ውስጥ አይገባም። በጋ ሲገባ ደግሞ ቧንቧዋን ዘግቶ ሞተሩ ሳህኗ ውስጥ ያለውን ጠጥቶ እስኪጠፋ ማስነሣት ነው፤ ሙጫ የሚሆን ነገር አይቀርም። መካኒኩ ይህን ለኦፐሬተሩ ሁለት ጊዜ አስደገመው። በሐምሌ 2014 የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ መነሣት ከጀመረ ወዲህ የቤንዚን ጠብታ የምትቆጠር ሆናለች፤ ቧንቧዋ በሁለት ወር ዋጋዋን ትመልሳለች አለው።

የዚህ ሙያ ዕድሜ ስንት ነው? በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንደማይገባ ሲያስታውቁ የነዳጅ መኪና መካኒኮች ደንግጠው ነበር። ይህ መካኒክ ብዙም አልደነገጠም። መኪና ከካርቡሬተር ወደ ኤሌክትሮኒክ መርጫ ከተሻገረ ቆይቷል፤ የእሱ ገበያ ያኔውኑ ወደ ጄኔሬተርና ፓምፕ ወርዷል። መብራት እየጠፋ ጄኔሬተር የሚነሣበት ሱቅ፣ ውኃ በፓምፕ የሚያጠጣ የአትክልት ቦታ እስካለ ድረስ ተንሳፋፊና መርፌ አለ። በየመንገዱ ዳር አዲስ የሚተከለው ሳርም ማጨጃ ይፈልጋል። እኔ የምሰጋው ለገበያው አይደለም፤ ረዳቱ የብረቱን ሽቦ ባነሣ ጊዜ «ተው» የሚለው ሰው ማግኘቱ ላይ ነው። ይህ ዕውቀት የሚተላለፈው እንዲህ በቁጣ መሐል ነው፤ የተጻፈለት መጽሐፍ በአማርኛ አላየሁም።

ማሽኑ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ። ትንሽ ጥቁር ጭስ አወጣ፣ ቀጠነ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። ኦፐሬተሩ ደንግጦ ወደ መካኒኩ ዞረ።

«ይሄኛው የከፍታው ነው» አለ መካኒኩ። «ለዚህ አነስ ያለ ዋና ቀዳዳ አለው። ፋብሪካው ለከፍታ ቦታ ብሎ የሚሠራው። ቁጥሩን እጽፍልሃለሁ፣ መሥሪያ ቤትህ ያስመጣው።»

ወጣቱ ቁጥሩ የተጻፈበትን ካርቶን ተቀብሎ አየው። «ጋሼ፣ ለዚህ እኮ ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቁኛል። የሚሸጠው አንድ ቦታ ከሆነ ሁለቱን ከየት አመጣለሁ?»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ለጊዜው መልስ አልነበረውም። ማሽኑ እንደገና አይሱዙው ላይ ተጫነ።